የክሌም አፍንጫ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 2

ተነሳን። ከቤት ለመውጣት ብቻ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ክሌም ካርታውን፣ እኔ መነጽሬን ስንፈልግ… ሁለቱም መኪናው ውስጥ ነበሩ።

እኛ አገር፣ ባሮሳ፣ ወይኑ ተለቅሞ አልቋል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ነው የምንወጣው፣ ለመርቭ በርሜል ለመምረጥ። በባሕሩ ዳር እያዘገምን፣ በየከተማው እያደርን፣ ኩናዋራ እስክንደርስ አንድ ሳምንት። መርቭ የክሌም የወጣትነት ጓደኛ ነው፣ ኩናዋራ ወይን ይጠምቃል። ክሌም ወይን ጠማቂነቱን ትቶ ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመቱ፤ መርቭ ግን ዛሬም ያለ እሱ አፍንጫ ምርጡን ወይን ጠርሙስ ውስጥ አይጨምርም። ሃያ ስምንት በርሜል ያሸታል፣ ስድስቱን መርጦ በጠመኔ መስቀል ያደርግባቸዋል። አለቀ። መርቭ አይከራከርም።

እኔ? አርባ አራት ዓመት ከወይን ጠማቂ ጋር ኖሬ ወይን አልወድም። ሻይ ይሻለኛል። «ያንቺ አፍንጫ ፖስታ ቤት ቀርቷል» ይለኛል። ዕድሜዬን የሠራሁት እዚያ ነው።

መንገድ ዳር ቆመን ሻይ ጠጣን። ወተቱ ጠረኑ ተቀይሯል። እኔ ተፋሁት። እሱ ጨረሰው።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም» አልኩት። ወተቱን ያላስተዋለው ሐሳቡ ሌላ ጋ ሆኖ ነው መሰለኝ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 3

ማክላረን ቬል። አንድ ወይን ማስቀመሻ ቤት ገባን። የምትቀዳው ልጅ አወቀችው። «እርስዎ ክሌም ሊንድነር አይደሉም? አባቴ ስለእርስዎ አውርቶ አይጠግብም!» ደስ አለው። ለክብሩ ብላ አንድ የቆየ ጠርሙስ ከፈተች።

ቡሹ ወይኑን አበላሽቶታል። እኔ እንኳ ከጠረጴዛው ማዶ ሸተተኝ… ምድር ቤት የከረመ እርጥብ ካርቶን።

ክሌም ብርጭቆውን አሽከረከረ። አፍንጫውን አስገባ። ዓይኑን ጨፈነ።

«ቼሪ… ትንሽ ትምባሆ… ድንቅ ነው» አለ።

ልጅቷ የራሷን አሸተተች። ፊቷ ቀላ። «ይቅርታ፣ ሌላ ጠርሙስ ልክፈትልዎ?»

«ለምን? ይሄን የመሰለ ወይን እያለ!»

አየችኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ።

ይሄ ሰው በልጃችን ሰርግ ላይ ቡሽ ቡሽ ሸተተኝ ብሎ ስድስት ጠርሙስ መልሶ አስተናጋጁን ያስለቀሰ ነው። ጉንፋን ይዞት ይሆን? አላስነጠሰም። አላሳለም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 4

አልጠየቅሁትም። ፈራሁ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 5

ኪንግስተን። የባሕር አረሙ ዳር ላይ ተቆልሎ በስብሷል። መኪናው ሳይቆም ነው የሸተተን… የሸተተኝ። አፍንጫዬን በሻርፕ ያዝኩ። ክሌም መስኮቱን እስከ ታች አወረደ፣ ወደ ውስጥ ሳበ፣ «እንዴት ያለ ንጹሕ አየር!» አለ።

መረቡን የሚጠቀልል አንድ ዓሣ አጥማጅ ሰማው። በሳቅ ፈነዳ። «አንተ ሽማግሌ፣ አፍንጫህን የት ጥለኸው መጣህ?»

ክሌምም ሳቀ። ግን ዘግይቶ። መጀመሪያ አረሙን አየ፣ ከዚያ ሰውየውን አየ፣ ከዚያ ሳቀ። መሪውን የያዘበት እጁ ጭብጥ ብሏል።

ለካ ያውቃል። ያውቃል፣ እየደበቀኝ ነው።

ሰኞ መርቭ ጋ እንደርሳለን። ምን ሊያደርግ ነው? ዝም ብሎ ስድስት መስቀል ሊያደርግ? መርቭ ዓመቱን ሙሉ የለፋበትን?

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 6

ሮብ የምትባል ከተማ ደረስን። የተከራየናት ቤት ከባሕሩ ፊት ለፊት ናት። ዛሬ አሳፋሪ ነገር አደረግሁ።

ቁርስ ሰዓት። እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጋዜጣ ያነባል። ዳቦውን መጥበሻ ላይ አድርጌ ተውኩት። ሆን ብዬ። ጠቆረ። ከሰለ። ጉሮሮዬ ተቃጠለ። እሱ ገጽ ገለጠ። «ዝናብ አለ ይላሉ» አለ። ጭሱ በትከሻው በኩል አልፎ ጋዜጣው ላይ ሲደርስ ያን ጊዜ ነው ብድግ ያለው። «ኤልቫ፣ ዳቦው!»

ዞሮ አየኝ። እሳቱ አጠገብ እጄን አጣጥፌ ቆሜያለሁ። ገባው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከገና በፊት።»

«ሐኪም አየህ?»

«የካቲት። ጎማ ልቀይር ብዬ አደላይድ የሄድኩ ቀን።» ተቀመጠ። «የአባቴ በሽታ ነው፣ ኤልቫ።»

አባቱን አስታምሜዋለሁ። መጀመሪያ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ እግሩ፣ መጨረሻ ላይ ሾርባውን በማንኪያ የማጎርሰው እኔ ነበርኩ። ለካ ከእጁ በፊት ጠረን ይጠፋል። በብዙዎቹ ላይ እንዲያ ነው ብለውታል ሐኪሞቹ። አባቱ ግን ለማንም አልተናገረም ነበር።

ጮህኩበት። ሁለት ወር! ጎማ! «ለሐኪም ስትነግር እኔ ምንህ ነኝ?»

«ብነግርሽ እንደ በሽተኛ ታዪኛለሽ። አንዴ እንደ ድሮው እንሂድ ብዬ ነው።»

«መርቭስ? ገምተህ ልትመርጥለት ነው?»

ጋዜጣውን አጠፈ። «አፍንጫዬ ከሌለ እኔ ምንድን ነኝ?» አለ።

መጥበሻውን ፈተግሁ። ከኋላዬ፣ ቀስ ብሎ፣ «መጀመሪያ የጠፋኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የትራስሽ ጠረን» አለ።

ውሃውን ከፈትኩት። ስቅ ስቅ ስል እንዳይሰማኝ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 7

ቢችፖርት። ባሕሩ ላይ የተዘረጋውን ረጅም የእንጨት ድልድይ እስከ ጫፉ ሄድን። ቁጣዬ ወጥቶልኛል፣ የቀረው ኀዘን ብቻ ነው። እጄን ያዘ። ትንሿ ጣቱ ለብቻዋ ትርገበገባለች… ይሄን እንዴት ሳላይ? ጥብቅ አድርጌ ያዝኳት። ባሕሩ ጨው ጨው ይሸታል። እንዳልነግረው ከንፈሬን ነከስኩ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 8

ኩናዋራ። መርቭ በሩ ላይ ጠበቀን፤ ያቺው የተቀደደች ባርኔጣው አናቱ ላይ ናት።

«አንተ ቀርፋፋ የጀርመን ዘር! በእግርህ ነው እንዴ የመጣኸው?»

«ያንተን ኮምጣጤ ለመቅመስ ምን ያስሮጠኛል?»

ሳቁ።

መጋዘኑ ቀዝቃዛ ነው። መርቭ ከመጀመሪያው በርሜል ቀዳና ሰጠው። ክሌም አሽከረከረ። አፍንጫውን አስገባ። ዓይኑን ጨፈነ። በሩ ጋ ቆሜ «ድንቅ ነው እንዳትል፣ እባክህ» እላለሁ በልቤ። ዓይኑን ገለጠ።

«መርቭ፣ ምንም አይሸተኝም።»

«ሳትቀምስ ስድብ ጀመርክ?» ብሎ ሊስቅ አለና ፊቱን አይቶ ተወው። ክሌም ነገረው። ገናን፣ የካቲትን፣ አባቱን… ሁሉንም፣ ብርጭቆውን እንደያዘ። መርቭ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እንግዲያው ዘንድሮ ምርጥ ብሎ ነገር የለም። ሁሉንም አንድ ላይ እደባልቀዋለሁ።»

«ሞኝ አትሁን» አለ ክሌም። ዞረና ብርጭቆውን ወደ እኔ ዘረጋ። «ኤልቫ ታሸታለች።»

«እኔ? አፍንጫሽ ፖስታ ቤት ቀርቷል ስትለኝ የኖርከው?»

«እሱን ነው የምልሽ። አንቺ ደብዳቤውን አድርሺ፣ እኔ አነበዋለሁ።»

አሸተትኩ። ምን ይባላል? አፈርኩ። «የእናቴ ቁም ሣጥን…» አልኩ።

መርቭ አልሳቀም። ክሌም ዓይኑን ጨፈነ። «ቀጥዪ።»

«ዝናብ የመታው ባሕር ዛፍ። የጫማ ቀለም።»

«የጫማ ቀለሙ ይበረታል?»

«ትንሽ።»

«ይቆያል ወይስ ወዲያው ይሄዳል?»

መልሼ አሸተትኩ። «ይቆያል።»

«ይሄኛው አይደለም። ቀጣዩን።»

እንዲህ እያልን ሃያ ስምንቱንም፤ አሸተትኩ፣ ቀመስኩ። ምሳ አልበላንም። ጭንቅላቴ ዞረ፣ ምላሴ ጠቆረ፣ አንዳንዱን ሁለት ሦስቴ አስደገመኝ፣ ተቆጣኝም። «ጥሩ ነው አትበዪኝ! ጥሩ ምን ይሸታል?» እንደ ድሮው ክፉ ነበር። ደስ አለኝ።

ስድስቱን ራሱ በጠመኔ ምልክት አደረገባቸው። አምስቱ መስቀል ቀጥ ያለ ነው። ስድስተኛው ላይ እጁ ከዳው፣ መስመሩ ተንቀጥቅጦ ወረደ። ሊያጠፋው ሲል መርቭ እጁን ያዘ።

«ተወው። እንዲያው ይሁን።»

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 18

ቤት ከገባን ሳምንት ሆነን። አሁን ዘወትር ይጠይቀኛል፣ እነግረዋለሁ። ዳቦው። ጋዜጣው። የጎረቤት ውሻ፣ ከነጭቃው። ሳላስበው ጎበዝ ሆኛለሁ። ትናንት «ወተቱን ጣለው» አልኩት፣ ጣለው።

ዛሬ ከሰዓት የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። በረንዳው ላይ ወጣን። እጁ ጭኑ ላይ ትርገበገባለች፣ አይደብቃትም።

«ምን ይሸታል?»

«አቧራ። ከዚያ አፈር። ከዚያ ከወይኑ በኩል የረጠበ ቅጠል… ሻይ የመሰለ።»

እየሰማ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺስ? አንቺ ምን ትሸቻለሽ?»

አፌን ከፈትኩ። ሳሙና ልል ነበር፣ አይደለም። እጅጌዬን አሸተትኩ፣ መዳፌን አሸተትኩ… ምንም። የራሴን ጠረን አላውቀውም። አርባ አራት ዓመት ሙሉ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።