አርባ እንኳ አይሞላም

አሰላ፣ ኅዳር 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ጮሌ ለሚኖሩት ለውድ እናቴ።

እናቴ ሆይ፣ እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎ በዘንድሮው ብርድ አልባሰብዎትም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ደኅና ማለት ከተቻለ።

በየቤቱ እየዞረ የተወለደና የሞተውን የሚጠይቅ ሰው ከአዲስ አበባ መጥቷል። ጎረቤቴ ፋጡ ዘንድ ሲገባ ኦሮምኛ አይችልምና አስተርጓሚ ሆንኩለት። ስንት ልጅ እንደወለደች ሲጠይቃት ሦስት አለች። የሞቱትስ ሲላት መሬት መሬቱን አየችና «እነሱም ይቆጠራሉ?» አለችኝ። ይቆጠራሉ አልኳት፤ አራት አለች።

ሲወጣ ባለቤቴ ገብረወልድ ደጅ አገኘውና ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ ጠየቀው። የአገራችን ሰው ዕድሜ በአማካይ ስንት እንደሆነ ለመገመት ነው፣ እስካሁን እንደሚታየው አርባ እንኳ አይሞላም ብሎት ሄደ።

ገብረወልድ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። የጀመረው ቤት ሳይመረግ ቀረ። በቆጂ ላለው ወንድሙ «መጥተህ መሬቱን ተረከበኝ» ብሎ ላከ። ብለምነው «የመንግሥት ሰው ይዋሻል?» ይለኛል።

ቢጨንቀኝ ሰውየውን ገበያ ፈልጌ ለምኜ አመጣሁት። እሱም ደንግጦ አስረዳው። በዓመት ውስጥ በየዕድሜው ስንት ሰው እንደሞተ ይታያል፤ ሞቱ እንዲሁ ቢቀጥል ዛሬ የሚወለዱት በአማካይ ስንት ዓመት እንደሚኖሩ ይሰላል። አንዱ ሰባ ዓመት ቢኖር፣ ሌላው በአራስነቱ ቢሞት፣ አማካዩ ሠላሳ አምስት ይሆናል፤ በሠላሳ አምስት ዓመቱ የሞተ ግን የለም። «ቁጥሩን የሚያወርዱት ሕፃናቱ ናቸው። አንተ ያንን አልፈሃል፤ ስልሳም ሰባም ልትደርስ ትችላለህ» አለው።

ገብረወልድ ሳቀ፣ እናቴ! በማግስቱ ጭቃ ሲረግጥ ዋለ።

እኔን ግን ሳቅ እንቢ አለኝ። ሕፃናቱ ናቸው ያለው ከጆሮዬ አልወጣ ብሎ እንቅልፍ ነሳኝ። ፋጡ ሳልነግራት አውቃ እንስራ እንዳልሸከም ከልክላኛለች፤ ውኃዬን የምትቀዳልኝ እሷ ናት።

ከእኔ በፊት ስንት እንደወለዱ ጠይቄዎት አላውቅም። አሁን ልጠይቅዎት ብዕር አነሣሁና ፈራሁ። ይተዉት፣ አይጻፉልኝ። ይልቅ ገብሱ እንደተሰበሰበ ይምጡልኝ፤ ሲመጡም ለመሰንበት አስበው ይምጡ። እስከ ግንቦት ከአጠገቤ አይለዩ።

እስከዚያው እመብርሃን እርስዎን በጤና ትጠብቅልኝ። በጸሎትዎ ሲያስቡኝ ግን «ልጄን ጠብቅልኝ» ብቻ አይበሉ፤ «ልጆቼን» ይበሉ።

ናፋቂ ልጅዎ