ዛሬ ለዓሦቹ ምግብ እንዳትሰጪ

እህት ዓለም፣
እባክሽ ዛሬ ለዓሦቹ ምንም ምግብ እንዳትሰጪ።
አባባ ገንዳው ውስጥ አሥር ዓመት ያሳደገው ኮራል፣ ያ ድንጋይ መሳይ የባሕር ፍጥረት፣ ሊሞትብን ነው፤ አረንጓዴው የውሃ አረም፣ አልጌው፣ እንደ ፀጉር ሸፍኖታል። በጥርስ ብሩሽ ፍቄ ባነሳው በማግስቱ ይመለሳል።

የገንዳውን ውሃ ዓሣ ለሚሸጠው ባለሱቅ አሳየሁት። «ምግብ በዝቷል፤ የተረፈው እየበሰበሰ አልጌውን ይቀልባል። ስንት ሰው ነው የሚያበላቸው?» ሲለኝ ነው የገባኝ፤ ለካ ከተኮራረፍን ወዲህ አንቺም ጠዋት፣ እኔም ማታ፣ ሳንነጋገር እጥፍ ስንሰጥ ከርመናል።

ባልዲው ውስጥ ጨዋማ ውሃ አዘጋጅቻለሁ። ፓምፑን አጥፊና የገንዳውን ሩብ በሱ ቀይሪው። የቧንቧ ውሃ እንዳይገባ።

በተኮራረፍን ቀን «አባባን እስኪሞት ያስታመምኩት እኔ ብቻ ነኝ» ያልኩሽ ውሸቴን ነው።

አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው።
ማታ ስመጣ በርሽን አትዝጊብኝ፤ ኮራሉን ብቻዬን አላድነውም።