በእትዬ ኮሌታ ስልክ ስለተመዘገበው ጤነኛ አንገት

ለተከበሩ የሠራተኞች ጤናና ደኅንነት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት፣ ከዚያም በተለየ ሁኔታ የአንገትዎን ደኅንነት በትሕትና እጠይቃለሁ። መደገፊያው እስከ ጆሮ የሚደርሰው ወንበርዎ እንደተመቸዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በስፌት አዳራሹ ሁለተኛ መስመር ላይ የሸሚዝ ኪስ ሰፊ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት አቀርቅሬ ስለሠራሁ ቀና ብዬ ለአለቃ መጻፍ አልለመደብኝም፤ ቃል ቢጎረብጥዎ ይቅርታዎ አይለየኝ።

ከምስጋና ልጀምር። የስፌት ጠረጴዛዎቹ አንድ ስንዝር ከፍ እንዲሉልን አምና አርባ ሁለት ሰዎች ፈርመን አመልክተን ነበር። እርስዎም አራት ወር ሙሉ ከመረመሩት በኋላ፣ በየስልካችን የሚጫን፣ የአንገት መልመጃ የሚያሠራ መተግበሪያ፣ ልጆቻችን አፕ የሚሉትን ማለቴ ነው፣ ላኩልን። ነገሩ ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ ቢሆንም አመስግነን ተቀበልን። ስልካችንን ግንባራችን ላይ አስረን አንገታችንን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝና ወደ ኋላ ስናዘነብል ይቆጥራል፤ ለጨረሰ አረንጓዴ ፊት፣ ላልጨረሰ ቀይ ፊት ያወጣል። ማሰሪያውንም ከተጣለ የወገብ ላስቲክ ራሳችን ሰፋነው። ሐቁን ለመናገር መልመጃው ክፉ አይደለም፣ እኔን ጠቅሞኛል። ጠረጴዛው ግን ዛሬም እዚያው ጉልበታችን ላይ ነው።

ቅሬታ ብል ድፍረት ስለሚሆንብኝ፣ ጥቂት ትዝብቶቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አፑ በየሃያ ደቂቃው ቀና በሉ ይለናል፤ የመስመር አለቃችን ደግሞ ቁጥር አልሞላምና አቀርቅሩ ይለናል። አንድ አንገት ለሁለት አለቃ በምን አኳኋን እንደሚታዘዝ መመሪያ ቢጻፍልን ውለታዎን አንረሳም።

ሁለተኛ፣ ሦስት ጊዜ ቀይ ፊት ያወጣ ሠራተኛ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዲደርሰው አዘዋል። ክቡርነትዎ እንደሚረዱት መልመጃውን መጨረስ የሚያቅተው አንገቱን ያመመው ሰው ነው። የታመመ በመታመሙ የሚቀጣበት የጤና ክፍል በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ከበደኝ። አጠገቤ የሚሠሩት ሴት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሸሚዝ ኮሌታ ስለሰፉ እትዬ ኮሌታ እንላቸዋለን። አዲስ ገብቼ ኪሱን ሁሉ አጣምሜ ስሰፋ፣ አለቃ ሳያይ እየተረተሩ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንገታቸው ወደ ግራ አይዞርም፤ ሰው ሲጠራቸው ከነወገባቸው ነው የሚዞሩት። በአፑ ሁለት ቀን ቀይ ፊት አወጡ። በሦስተኛው ቀን ስልካቸውን ተቀብዬ ከራሴ ስልክ በላይ ግንባሬ ላይ አሰርኩት። ተው ልጄ፣ ኋላ ጣጣ ያመጣል ቢሉኝም ለእኔ ይተዉት አልኳቸው። መስመሩ በሙሉ ይስቅብኝ ነበር፤ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። እንዲህ እያልኩ ሰባት ወር በአንድ አንገት ለሁለት ሰው አረንጓዴ አወጣሁ።

ባለፈው ወር የስፌት መኪናው መርፌ የእትዬ ኮሌታን ጣት በስቶ አለፈ። አልተሰማቸውም። ያወቁት ነጩ ኮሌታ ላይ ደም ሲያዩ ነው። ሐኪሙ የአንገታቸው ነርቭ እንደተጫነ፣ ማጎንበስ ካላቆሙ ቀኝ እጃቸው እንደማይመለስ ጽፎ ሰጣቸው። ቆመው ወደሚሠሩበት ወደ ፍተሻ ክፍል እንዲዛወሩ ወረቀቱን ይዘው ቢሮዎ ቢመጡ፣ እርስዎ ወረቀቱን ገፋ አድርገው የስልካቸውን መዝገብ ከፈቱ። የሰባት ወር አረንጓዴ! አንገትዎ ከእኔ ይሻላል፣ ይህ የሐኪም ወረቀት የሐሰት ማስረጃ ነው ብለው መለሷቸው። እስከዚህ ወር መጨረሻ መኪናቸው ላይ ካልተቀመጡ ሥራቸውን በፈቃዳቸው እንደለቀቁ ይቆጠራል ተባሉ።

እሳቸውም የእኔን ስም ላለማንሳት አፋቸውን ይዘው ወጡ። ትናንት ቤታቸው ሄጄ የሹራባቸውን ቁልፍ በግራ እጃቸው ለመቆለፍ ሲታገሉ አገኘኋቸው። ላግዝዎ ብላቸው እምቢ አሉኝ። አንዴም ሳይወቅሱኝ፣ አንተ ልጆች አሉህ፣ ሥራህን ጠብቅ ብለው ሸኙኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ደግ የሠራሁ መስሎኝ እጃቸውን ያሳጣኋቸው እኔ ነኝ፤ ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

አራተኛ ቁጥር የለኝም። በዚህ ደብዳቤ በይፋ የማስታውቀው ግን በእትዬ ኮሌታ ስም የተመዘገበው አንገት የእኔ መሆኑን ነው። ላጠፋሁት እኔን ይቅጡ፤ ማስጠንቀቂያም ስንብትም ቢሆን ፈርሜ እቀበላለሁ። እሳቸውን ግን ያዛውሯቸው። ወሩ ሊያልቅ ስድስት ቀን ቀርቶታል፤ ያቺ እጅ ደግሞ የእርስዎን አራት ወር ምርመራ አትጠብቅም።

ለሰጡን አፕ፣ ለነፈጉን ስንዝርና ለማያልቀው ትዕግሥትዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ ከአንገቴማ ዝቅ ማለት ከለከሉን።

አክባሪዎ
ኪስ ሰፊው፣ ከሁለተኛው መስመር

የዘነጋሁት፦ የእርስዎን ስልክ በየጠዋቱ ግንባሯ ላይ አስራ መልመጃውን የምትሠራልዎ ጸሐፊዎ መሆኗን ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ። እሷም አንገቷን አሟት ከሰኞ ጀምሮ ተኝታለች። እንግዲህ ስልክዎ ሦስት ቀን ቀይ ፊት ስላወጣ፣ በራስዎ ደንብ ሲቆጠር የታመሙት እርስዎ ነዎት፤ እግዜር ይማርዎት።