ማቆሚያው የጠፋበት ዘፈን

ለምወድህ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ የጭነት መኪናው ወንበር ይብሱን አጎበጠህ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። የልብስ ማጠቢያ ቤታችንም አለ፣ ትልቋ ማሽንም አለች። አንተ «እትዬ» ብለህ ስም ካወጣህላት ወዲህ ደንበኞቹ ሳይቀሩ እትዬ ነው የሚሏት። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ከመሰለህ አትሳቅብኝ፤ መዳፌ ተልጦ እስክሪብቶው አልያዝልሽ ብሎኛል። ከምን እንደሆነ ኋላ ትደርስበታለህ።

ይህን የምጽፍልህ ስለ «እርጥብ ልብስ» ነው። አውቃለሁ፣ የባንዱን ስም ስታይ ፊትህ ይጠቁራል። ያን ቀን አንድ ሰው እንኳ ሊሰማችሁ ካልመጣበት አዳራሽ ተመልሰህ የድራም መምቻ እንጨቶችህን እትዬ ላይ አስቀመጥክና ይሄ ባንድ ሞቷል፣ ቀብሬዋለሁ አልክ። ቀጥለህም ወደኔ ዞረህ «ድራሜን የነካ ወንድሜም እህቴም አይደለም» አልክ፤ በማግስቱ ሻንጣህን ይዘህ ሄድክ። ባንዱ ግን አልሞተም። እስከ ዛሬ ያልነገርኩህ እንዳትቀየመኝ ፈርቼ ነው፤ አሁን ግን ያየሁትን በሆዴ ይዤ መኖር አልቻልኩም።

ጊታሪስቱ ቀጮ ዛሬም ቀን ቀን ሴራሚክ ያነጥፋል፣ ጣቶቹ በሲሚንቶ ተሰነጣጥቀዋል። ቤዝ የሚጫወተው ሳቂታ አውቶቡስ ላይ ትኬት ይቆርጣል። ዘፋኟ ነርስ ከሥራ ስትወጣ ድምጿ ሻክሮ ትመጣለች፤ ስትዘፍን ግን ያ ሻካራነቱ ነው ሰውነት የሚወርረው። ድራሙ ላይ ስለሚቀመጠው ሰው ለጊዜው አትጠይቀኝ። ጀማሪ ነው፣ አንተን አይተካም፣ ይህን ራሱም ያውቃል።

ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ ለሚለማመድ የእማዬ ሕግም እንዳለ ነበር፦ እትዬ ስትሠራ ተጫወቱ፣ ስታቆም አቁሙ። ጩኸቱ በእትዬ ድምፅ ተሸፍኖ ጎረቤት እንዳይከሳት ብላ ያወጣችው ሕግ ነው ለዘፈኖቻችሁ መልክ የሰጣቸው። እትዬ ውሃ ስትሞላ ጊታሩ ብቻውን ያንጎራጉራል፣ ማገላበጥ ስትጀምር ድራሙ ይገባል፣ መጭመቅ ስትጀምር ሁሉም ያብዳል። ከዚያ እሷ ቀጥ ስትል ዘፈኑም ቀጥ ይላል። እንዲህ ያለ ሮክ የሚጫወት ሌላ ባንድ ካለ ያሳዩኝ። ሬዲዮኑ ግን ከጠዋት እስከ ማታ እነዚያኑ ስመ ጥር ባንዶች እየደጋገመ ያደነቁረናል። እነሱም ጥሩ ናቸው፣ አልዋሽም። ነገር ግን በየጓዳው ተሰጥኦው ሞልቶ ስሙን የሚጠራለት ያጣ ስንት ባንድ አለ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ለሰፈራችን እርጥብ ልብሶች «እነዚያ ጯሂዎች» ናቸው።

አንድ ቀን የአዳራሹ ኃላፊ የመድረኩን መጋረጃ አሳጥቦ ሊወስድ መጣ። ልምምድ ላይ ስለደረሰ እትዬ እስክታቆም በር ላይ ቆሞ ሰማ። ከዚያ መጋረጃውን ታቅፎ፣ በሳምንቱ መጨረሻ አንድ ትልቅ ባንድ እንደሚመጣ፣ ከእነሱ በፊት አንድ ዘፈን ቢጫወቱለት ደስ እንደሚለው ነገራቸው። ሰው ወንበር እስኪይዝ ነውና ማንም አይሰማችሁም፣ አትፍሩ አለ። ማጽናናቱ ነው እንግዲህ።

የትኛውን ዘፈን እንደመረጡ ሳታውቅ አትቀርም። «ሸሚዙን» ነው። አባዬ ያረፈ ሰሞን እማዬ ልብሶቹን እትዬ ውስጥ ስትከት አጠገቧ ቆመህ የሠራኸውን። እማዬ እሱ ሲጀመር ሁልጊዜ ልብስ ላስጣ ብላ ወደ ጓሮ እንደምትወጣ ታስታውሳለህ። እኛም አንድ ቀን እንኳ ጨርሳ ሰምታው አታውቅም ብለን ነበር የምናምነው። አዳራሹ የመጣችውም መጋረጃው ቀጥ ብሎ መሰቀሉን ላረጋግጥ ብላ ነው። እኛም አመንናት፤ እሷም ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ከተቀመጥኩበት ሆኜ የማየው የሦስቱን ጀርባና ከፊታቸው ያለውን ሕዝብ ነበር። ሰው ያወራል፣ ይሳሳቃል፣ ወንበር ይጎትታል። ቀጮ ጊታሩን ማንጎራጎር ጀመረ፤ ድራሙ ገባ፤ ነርሷ ዘፈነች። ወሬው መቼ እንደቆመ አላውቅም፤ ብቻ አንድ ጊዜ ቀና ስል ሁሉም ሰው ወደ እኛ ዞሯል። ከዚያ ሁሉም ወደሚያብድበት ደረስን፣ አበድን፣ ማቆሚያውም ደረሰ። እትዬ ግን የለችም።

ወንድሜ፣ ይህን ማን ያስባል? ስንት ዘመን ሲለማመዱ ዘፈን እንዴት እንደሚቆም የተማረ አንድም ሰው የለም። ሁልጊዜ የምታቆምላቸው እሷ ናት። ቀጮ ወደ ሳቂታ ያያል፣ ሳቂታ ወደ ድራሙ ያያል፣ ድራሙ ላይ ያለው ሰው ደግሞ ወደ ሰማይ። እንጨቶቹን ማሳረፍ ማለት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ገደል መግባት መሰለ። ስለዚህ ቀጠለ።

የሆነውን እንዴት ብዬ ልግለጽልህ? ዘፈኑ ደርሶበት ወደማያውቅ ቦታ ሄደ። ነርሷ ግጥሙ ሲያልቅባት ቃል የሌለው ነገር ማዜም ጀመረች፤ ልብ ብዬ ስሰማ እትዬ ስትጨምቅ የምታወጣው ድምፅ ነው። ሳቂታ መሳቁን ትቶ እንባው ይወርዳል። ቀጮ በዚያ በተሰነጣጠቀ ጣቱ ከጊታሩ ያወጣውን ነገር ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፣ ሁለተኛም የምሰማው አይመስለኝም። ክንዴ እስኪዝል ድረስ ጸጉሬ እንደቆመ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች በየቀኑ ሻይ የማቀርብላቸው እኔ ነኝ፤ ለካ እነማን እንደሆኑ አላውቅም ነበር። ትልቅ ነገር አጠገብህ ተቀምጦ ስኳር አቀብለኝ ሲልህ ትልቅነቱ አይታይህም።

ሕዝቡ አንድ በአንድ ቆመ። ኃላፊው ከመጋረጃው ጀርባ እጁን እያወዛወዘ ይበቃል ይላል፤ ማን አይቶት። ኃይላችን ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ዘፈኑ እየተንገዳገደ በሰው ፊት ሊፈርስ እንደሆነ ገባኝ።

ያኔ እማዬ ከወንበሯ ተነሳች። ጉልበቷን ይዛ፣ ቀስ ብላ። ቀኝ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ በየቀኑ እንደምታደርገው ጣቶቿን ሰብስባ የእትዬን ማጥፊያ የምትይዝ መሰለች። ነርሷ የመጨረሻዋን ትንፋሽ እስክታወጣ ጠበቀች። ከዚያ እጇን አዞረች።

አራቱም ባንድ ጊዜ ቀጥ አሉ።

እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምተህ አታውቅም። ከዚያ በኋላ ጭብጨባው የመጣው እንደ ጎርፍ ነው፤ እኔ ግን የማየው እማዬን ብቻ ነበር። ለካ ጓሮ ሆና ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። ለካ የት ላይ እንደሚያልቅ ከሁላችንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ከመድረኩ ስንወርድ ቀሚሷን እያስተካከለች «እኔ ካላጠፋሁላችሁ ላታቆሙ ነበር?» አለችን። ዓይኗ ግን ቀልቷል።

ዝግጅቱን ሊቀዳ የመጣ አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ዘፈኑን ማን እንደሠራው ጠየቀ። ማንም ሳይቀድማት እማዬ ስምህን ከነአያትህ ጠራችለት፤ «ልጄ ነው፣ መንገድ ላይ ነው፣ ይመጣል» አለችው። መንገድ ላይ ነው ያለችው ሹፌር ስለሆንክ ይሁን ወይ ሌላ አስባ፣ እኔ አልጠየቅኳትም። የፊታችን እሑድ ከሰዓት በኋላ ዘፈኑ በሬዲዮ ይተላለፋል። መኪናህን ዳር አቁመህ ስማው፤ እየነዳህ አትስማው፣ እንባ መንገድ ይሸፍናል።

ስቱዲዮ ገብተው እንዲቀርጹም ተጠይቀዋል። ሦስቱም የዘፈኑ ባለቤት ሳይመጣ አንገባም ብለዋል። ድራሙ ላይ ያለው ሰውም ወንበሩ የማን እንደሆነ አልረሳም፤ በመጣህ ቀን ራሱ ተነስቶ እንጨቶቹን በእጅህ ያስይዝሃል። ብትቆጣም ይችለዋል። ብቻ ና።

ትናንት ልምምድ ላይ እትዬ አቆመች። እኛም እንደ ልማዳችን ቀጥ አልን። እማዬ ከምትተኩሰው አንሶላ ቀና ሳትል «ምን ሆናችሁ? ጨርሱት እንጂ» አለች።

መንገዱ ይቅናህ፣ መሪ የጨበጠው እጅህ አይዛል፣ ከክፉ ነገር ሁሉ ፈጣሪ ይጋርድህ። እማዬ አገላብጣ ስማሃለች። የመዳፌን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ አንተ የራስህን በምን አሽተህ ታድነው እንደነበር ጻፍልኝ።

አሁንም እህትህ