ስርጉት የጨበጠችው ኮከብ

ለእህቴ፣ ሞጣ

የጥምቀት ሰሞን ብርድ እንዴት አደረገሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ለወሬ የሚበቃ ሕመም የለብኝም። ፊደሉን ያገዘፍኩት ለአንቺ ዐይን አዝኜ ነው።

ሞጣ ላይ መስማት ለማይችሉ ልጆች ክፍል ተከፍቷልና ልጄን ስርጉትን መልስልኝ ብለሽ ደጋግመሽ ልከሽብኛል። እኔው ራሴ ፊደል እንዳስቆጠርኳት እያወቅሽ! ተቀየምኩሽ። አሁን ግን ግራ የገባኝ ነገር አለ፤ ለሌላ ሰው የምነግረው አይደለም።

ከአሮጌው የሰማይ መጽሐፌ አንድ ታሪክ አሳየኋት። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት እንደ እሷ የማይሰማ አንድ እንግሊዛዊ ወጣት፣ የሚደበዝዝና መልሶ የሚፈካ ኮከብ ተከታትሎ፣ ሦስት ቀን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው እንደሚመላለስ ደረሰበት። ምናልባት ጨለማ አካል በፊቱ እያለፈ ይሆናል አለ። አንብባ ስትጨርስ ጆሮዋን ነካች፣ ቀጥላ መጽሐፉን። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩላት።

ከዚያ ወዲህ ራት ሳይቀርብ ግቢ ቆመን ኮከቡን ከጎረቤቱ ኮከብ ጋር እናስተያያለን። ጎረቤቱ አይለወጥም፤ መለኪያችን እሱ ነው። ሲፈካ እጇን ትዘረጋለች፣ ሲደበዝዝ ትጨብጣለች።

ባለፈው ሰንበት እኔ ጨበጥኩ፤ እሷ ዘረጋች። ጎረቤቱም ደብዝዟል ብዬ ለእሱም ጨበጥኩ። ሳቀችብኝ። መጽሐፉ ተሳስቷል ልበል? ልጅቷ ታሾፋለች ልበል? በማግስቱ እሷ ስትጨብጥ ለእኔ ያው የትናንቱ ነበር። ጎረምሳው አለበል ከአጥሩ ማዶ ሆኖ፣ «ጋሼ፣ ሰማዩስ ጥርት ብሏል፤ ደመናው እርስዎ ዘንድ ነው» አለኝ። ስድ! ሰላምታ ነስቼዋለሁ።

ትናንት ግን ስርጉት አልሳቀችም። የጨበጥኩትን እጄን ይዛ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። ስንገባም የበሩ ደፍ እንዳያደናቅፈኝ ክንዴን ያዘች። ማን አዘዛት?

የኮከቡ ጨለማ ያልፋል ይላል መጽሐፉ። ስለ ሌላው ጨለማ ምንም አይልም።

ትምህርቱ መቼ እንደሚጀመር ላኪልኝ። የሚወስዳት ሰው አትላኪ፤ እኔው አመጣታለሁ። መንገዱን እሷ ትቀድማለች፣ እኔ ትከሻዋን ይዤ እከተላለሁ፤ ልጅ ናትና በመናኸሪያው ግርግር እንዳትጠፋብኝ። ስለ መመለሴ ገና አልቆረጥኩም። ጥቂት ብሰነብት መደብሽ ላይ ስፍራ ይኖራል?

የሞጣው ጊዮርጊስ ደጅሽን ይጠብቅ። የምታዪውን ሁሉ አጥግቦ ያሳይሽ።

ታላቅ ወንድምሽ
ከቢቸና