የማንጎው ሼድና የደበቅኩት መነጽር

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6። ጠዋት 1፡20

ስሚ ደብተሬ፣ ለአንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ። መነጽር ገዛሁ። የፀሐይ እንዳይመስልሽ፣ የማንበቢያ! ገበያ ውስጥ፣ መሬት ላይ ከሚዘረጉት፣ አንገቴን ደፍቼ፣ "ለእናቴ ነው" ብዬ። እናቴ ካረፈች ስንት ዓመቷ! ሻጩም ነገረኛ፣ "እስቲ ለእናትሽ ልክ መሆኑን አንቺ ሞክሪው" አለኝ። ሞከርኩት። የእጄ መስመር ሁሉ ቁልጭ። በመሐረብ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ሥር ቀበርኩት። ሰው ፊት አላወጣውም። የአሶሳን ሠርግና ፋሽን መጽሔት ላይ የምትጽፍ አምደኛ፣ አፍንጫዋ ላይ የአሮጊት መነጽር? ሞቼ ነው ቆሜ!

ጣሪያው ላይ ማንጎ ዱብ፣ ዱብ ይላል። ከተማው ሁሉ ማንጎ ነው። ጎረቤቴ ሐዋና ሦስት ጓደኞቿ መንገድ ዳር በመደብ ይሸጣሉ፤ ግማሹ ሲሸጥ ግማሹ ይበሰብሳል። ዘንድሮ ግን ተስፋ አለ። ሴቶች አምስት አምስት ሆነው ከተደራጁ የከተማው የሥራ ዕድል ጽ/ቤት መብራት የገባለት ሼድ ይሰጣል። ማንጎውን ጨምቆ፣ አድርቆ መሸጥ ነው። መንገድ ዳር ሲሸጡ የኖሩ እንደ ሐዋ ያሉት ቅድሚያ አላቸው። ባለፈው አምዴ ላይ አሞግሼ ጻፍኩት፣ የሐዋም ፎቶ ወጣ። ቆርጣ ግድግዳዋ ላይ ለጥፋዋለች።

አምስተኛ ሰው ነበር የጎደላቸው። ያውም ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ። አራቱም አሻራ እንጂ ፊርማ የላቸውም። ሐዋ ቁርአን ቤት የዓረብኛ ፊደል ቆጥራለች፤ የአማርኛው አልደረሳትም። ማንን አመጣሁላቸው? ገነትን! የመንደር 8 ልጅ፣ አንድ ዴስክ ላይ ያደግን። ወላጆቻችን በሰፈራው ጊዜ ከወሎ በአንድ መኪና ተጭነው የመጡ። ሥራ ፈታ ቤት ተቀምጣ ነበር። እሷም ሥራ አገኘች፣ እነሱም ጸሐፊ። ጎበዝ ነኝ አልኩ ለራሴ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9። ከሰ. 10፡30

ፊርማ! ሐዋ ግቢ፣ ማንጎው ሥር። ገነት ወረቀቱን ይዛ መጣች። ቆማ አነበበችልን። ሼዱን ልንረከብ ተስማምተናል፣ ቁልፉን ጸሐፊዋ ትቀበልልን፣ የሚል። ድምፅዋ እንደ ዜና አንባቢ።

አራቱ ሴቶች ግን ወረቀቱን አላዩም። እኔን ነው ያዩት። እነሱ ዘንድ ነገር የሚጸናው በታመነ ሰው አፍ ነው። ሐዋ ጠየቀችኝ፦

"ሰናይት፣ ወረቀት ደህና ነው? አንተ አየህ?"

(አማርኛዋ ሴትም ወንድም አንተ ነው። አንቺ ያለችኝ ቀን ተኳረፍን ማለት ነው።)

ወረቀቱን ተቀበልኩ። ለእኔ የጉንዳን ሰልፍ ነው። እጄ ቦርሳ ገባ፣ መሐረቡን ነካሁት። ገነት ሳቀች። "አንቺ ደግሞ! ልታርሚኝ ነው? ድርሰት ላይ ማን ነበር የሚበልጠው?" ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። መሐረቡን ለቀቅኩት።

ደህና ነው አልኩ።

አራት አውራ ጣት ተራ በተራ ቀለም ነካ፣ ወረቀት ላይ ተጫነ። የተረፈውን ቀለም በማንጎ ቅጠል ጠረጉ። እኔ ምስክር የሚለው ላይ ያንን ጭራ ያለውን ፊርማዬን ለቀቅኩት። ሐዋ ከዛፉ አንድ ብስል አውርዳ ሰጠችኝ። ምራቄን እየዋጥኩ ነው ቤት የገባሁት።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14። ቀን 7፡00

ገነት ስልክ አታነሳም። ሦስተኛ ቀን። ትናንት ዝናብ ጀመረ፣ ማንጎው ይረግፋል። ሐዋ ጠዋት ቅርጫት ሙሉ ተሸክማ መጣች። ቁልፉ የታለ? እንሂድ አልኩ።

ሄድን። ሼዱ ክፍት ነው! ውስጡ አራት ሴቶች፣ አዲስ ነጭ ጋዋን የለበሱ፣ መጭመቂያ ማሽን ይወለውላሉ። አወቅኳቸው። የገነት እህት፣ የወንድሟ ሚስት፣ ሁለት የአክስቷ ልጆች። ሐዋ ምንም አልገባትም፤ ቅርጫቷን በሩ ላይ አውርዳ ሰላም አለቻቸው፣ የእኛ ቦታ በየት በኩል ነው አለች። እህትየው እኔን አየች፣ ከዚያ መሬት።

"ውይ... እናንተ ለቃችሁ የለ እንዴ?"

ለቃችሁ! ማን? መቼ? ሐዋን ነገ ጽ/ቤት ሄጄ አጣራለሁ አልኳት። እኔም እሄዳለሁ አለች። ቅርጫቱን መልሳ ተሸከመች። አላገዝኳትም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15። ከሰ. 9፡00

ጻፊ ሰናይት። ጻፊው።

ጽ/ቤት፣ ወረፋ ሙሉ ሰው። ሠራተኛው ፋይሉን አወጣ። መነጽሬን አወጣሁ። መሐረቡን ፈትቼ፣ ሁሉም እያየኝ። ማን ሳቀ? ማንም። ሰው ስለ መነጽሬ ግድም የለው። ለዚህ ነበር የደበቅኩት።

አነበብኩ። አሻራችንን ያኖርነው አራት አባላት በራሳችን ፈቃድ ከማኅበሩ ለቀናል፤ በምትካችን... ከዚያ የአራቱ የገነት ዘመዶች ስም። ከታች አራት አውራ ጣት። ከዚያ ምስክር። ያ ጭራ።

ሠራተኛው ክፉ ሰው አይደለም። የእርስዎ ፊርማ አይደለም ወይ አለኝ። ነው። "እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፣ የሚጽፉ። እኛ ምስክር አይተን ካላመንን ማንን እንመን?" ቅሬታ ካለ ኮሚቴው ሰኞ ይቀመጣል። ግን ያስቡበት አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ሳላነብ መሰከርኩ ማለት በራስ ላይ መፈረም ነው፣ በሕግ መጠየቅም ያመጣል።

ሐዋ ምን ይላል አለችኝ። እኔው ማንበብ ነበረብኝ። ቃል በቃል አነበብኩላት፣ ስሜ ጋ እስክደርስ። አልጮኸችም። ብትጮህ በማርያም ይሻለኝ ነበር።

"እኛ ወረቀት ላይ አልነካም። አንተ ደህና ነው አልክ፣ እኛ አንተ አፍ ላይ ነካ።" ከዚያ፣ "ኻላስ" (አለቀ ማለቷ ነው) ብላ ወጣች።

ተከተልኳት። ፈጥና ሄደች።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18። ጠዋት 4፡00

ገነት ቤት ሄድኩ። ትደበቃለች ብዬ ነበር። በር ከፈተች፣ ቁጭ በይ አለችኝ፣ ቁርስ ላቅርብ! አልበላም አልኩ። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ማን ያለቅሳል?

እሷ እንደምትለው እነ ሐዋ ማሽን አይችሉም፣ በዓመቱ ሼዱ የፍየል ማደሪያ ይሆናል። እሷ ተምራ ቤት ስትቀመጥ ማን ጠየቃት? በራሷ ስም ብትመጣ ተራው መቼም አይደርሳትም፤ ቅድሚያው ለእነሱ ነው። ታዲያ በእነሱ በር ገባች። ማንም ባልዘጋው በር ገባሁ እንጂ ሰበርኩ እንዴ አለች።

አራት ሰው አውጥተሽ ነው የገባሽው አልኳት።

"አንቺስ?" አለች። "ፎቶዋን መጽሔት ላይ አውጥተሽ ስንት ሰው አጨበጨበልሽ? አንቺም በሐዋ ነው የበላሽው፣ የኔ እመቤት። ልዩነታችን እኔ ያነበብኩትን ነው የፈረምኩት።"

ደብተሬ፣ ተነስቼ ወጣሁ። እኔ! አሁን ቤት ተቀምጬ መቶ መልስ እየመጣልኝ ነው። አንድ ዴስክ፣ አንድ እርሳስ ለሁለት ቆርጠን። ድርሰት ላይ እበልጣት ነበርኮ፤ ያኔም ዕውነቱን አልተናገርኩም፣ እንዳይከፋት ብዬ።

ግን አንድ ነገር ያቃጥለኛል። የአምዱን ቅጂ ፈልጌ ደግሜ አነበብኩት፣ በመነጽሬ። "በሩ ተከፈተ" ብያለሁ። ማን ይግባ፣ ማን ደጃፉ ላይ ቆሞ ወረቀት ያንብብላቸው፣ አንድ መስመር የለም። ለማያነብ ሰው የመጣ ዕድል ሁሉ በሚያነብ ሰው እጅ ነው የሚያልፈው። ያች ሰው እኔ ነበርኩ። ሁለት ጊዜ፤ በአምዴም፣ በፊርማዬም።

እሁድ፣ ሚያዝያ 19። ከሰ. 8፡15

ሐዋ ቤት ሄድኩ። ልጇ ናት በር የከፈተችው። ግድግዳው ላይ ፎቶው የለም፤ የተለጠፈበት አራት ማዕዘን ብቻ ነጥቶ ቀርቷል። ግቢው የበሰበሰ ማንጎ ይሸታል፣ ዝንቡ አያስቀምጥም። ሐዋ ወጣች። ቆመን ነው ያወራነው። ነገ ኮሚቴው ፊት ሳላነብ ነው የፈረምኩት ልል ነው አልኳት፤ አራታችሁም ኑ። ቀና ብላ አየችኝ፦

"አንቺ ትያለሽ?"

አንቺ አለችኝ። አልቅሼ ነው የተመለስኩት።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20። ጠዋት 2፡05

ኮሚቴው 3፡00 ይቀመጣል። አዘጋጄ የሠርግ ጽሑፍ ይጠብቃል፣ አልላክሁም። በምትኩ ሌላ ላክሁ፤ የመጀመሪያው መስመር መነጽር ገዛሁ፣ ደበቅሁም ይላል። ፊርማዬን ሳላነብ እንዳኖርኩ፣ ከነስሜ። ካላወጡት ደግሞ አያውጡት። መናገሩን ግን እናገራለሁ። ይጠይቁኝ። ይክሰሱኝም።

መነጽሩን ዛሬ በክር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ። እርጅናዬን የሚያይ ይይ።

በሩ ተንኳኳ... ሐዋ ናት። ብቻዋን አይደለችም፣ አራቱም! ቅርጫት ይዘዋል። የረገፈውን ማንጎ ነው፣ ለኮሚቴው ሊያሳዩ። ሐዋ መነጽሬን አየችው። አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ መስታወቱን በነጠላዋ ጠረገችልኝ።

ምን እንደምትለኝ፣ አንተ ወይስ አንቺ፣ ገና አላወቅኩም። ይህን ገጽ ከዚህ በታች ባዶ ተውኩልሽ። ኮሚቴው ያለውን ዛሬውኑ እዚሁ እሞላልሻለሁ፣ ቢከፋም ቢጥምም። አሁን ጠሩኝ