የእግር ውሃ

ኅዳር 9

ዛሬም ውርጭ። ማታ ያሰጣሁት የባሌ የባየው ሱሪ ጠዋት ገመዱ ላይ ድርቅ ብሎ ቆሟል፣ ሰው የለበሰው ይመስላል። የደብረ ብርሃን ብርድ እንኳን ሱሪ ሰውም ያደርቃል።

ማታ እንደ ልማዱ የእግር ውሃ። አማቼ ወልደሩፋኤል ሳይታጠብ አይተኛም። ሚስቱ በሕይወት እያለች የምታጥበው እሷ ነበረች፣ አሁን እኔ ነኝ። ፊት ለፊት "አባባ፣ እርስዎ" እለዋለሁ። እዚህ ደብተሬ ላይ ግን አንቱ አልለውም።

"ቀዝቃዛ ነው" አለ። ሄጄ የሞቀ ጨመርኩ። "አሁንም ቀዝቃዛ ነው።" እጄን እየለበለበኝ! ምን ዓይነት ሰው ነው?

ስኳር አለበት። ሐኪም ከነገረው ቆይቷል። ኪኒኑን ሲያሰኘው ይውጣል፣ ካላሰኘው ይተወዋል። ሻዩን ግን በአራት ማንኪያ ስኳር። "ይሄ የሀብታም በሽታ ነው፣ አንቺን አይዝሽም" ይለኛል።

ኅዳር 10

ቀዝቃዛ ነው... ቀዝቃዛ ነው... እንቅልፌ ውስጥም ሰማሁት።

ኅዳር 12

የሚካኤል ማኅበርተኞቹ ቤት ነበሩ። ሆን ብሎ እነሱ ፊት እግሩን ዘረጋልኝ። ገና ሳልነካው ሳፋውን ገፋው፣ ውሃው ቀሚሴ ላይ። "ሬሳ ነው እንዴ የምታጥቢው? ውሃ ማሞቅ ያቃታት ሴት፣ ልጅ በምን ሙቀቷ ትፀንሳለች!"

ሳቁ። መምሬ ቴዎፍሎስ ብቻ "ተው እንጂ ወልደሩፋኤል" አሉ። እሳቸውም ግን ፈገግ ብለው ነው።

ለባየው ነገርኩት። "ሽማግሌ ነው፣ ቻይው።" ችዬው የለ? ባሌ ትልቅ ሰው ሆኖ አባቱ ካስነጠሰ ብድግ ይላል። ከሱ ምን እጠብቃለሁ?

ኅዳር 15

ጾም ገባ። ውሃውን ዛሬ ደህና አድርጌ አሞቅኩለት። እጄን ነክሬ ቶሎ አወጣሁ። እሱ እግሩን ከተተ... ዝም። ፊቱ እንኳን ቅጭም አላለም። "ምነው ቸኮልሽ፣ ገና ለብ ያለ ነው" አለኝ።

ለብ ያለ?

ገባኝ። አልሸነፍልሽም ማለቱ ነው። እየተቃጠለ ይቀመጣል፣ እኔን ለማብገን። እስቲ እናያለን።

ኅዳር 18

ከዚያ የባሰ። እግሩ እንደ በርበሬ ቀላ። ዐይን ዐይኑን አየሁት። ሻዩን ይጠጣል! ልቤ "ጩህ፣ አንዴ ጩህ" ይላል። ምናለ አንዴ "ኧረ ሸዋወርቅ ተቃጠልኩ" ቢለኝ? ስሜን ጠርቶ አያውቅም፣ "አንቺ" ነው የሚለኝ።

አላለም።

ኅዳር 21

አደረግኩት። ከእሳት እንደወረደ። አንድ ጣሳ ቀዝቃዛ ብቻ፣ ለይምሰል። እጄን አልነከርኩም።

እንደ ልማዱ ቀኙን አስቀደመ። እንፋሎቱ የኔን ፊት መታኝ። ዐይኑን ጨፈነ፣ ወንበሩን ተደገፈ፣ ብዙ ቆየ። "አሁን ገና ሴት ሆንሽ" አለኝ።

የመጀመሪያ ምስጋናው ነው። ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከንዴት? ከምን? ግራውን ማን እንዳጠበው እንኳን አላውቅም፣ ስመለስ ውሃው በርዶ፣ እሱ የሱፍ ካልሲውን አጥልቆ ተኝቷል። ዐይኑ ደክሟል፣ እግሩን የት ያየዋል።

ኅዳር 22

ሳልነሳ ሄዷል። አንኮበር፣ ጎረቤላ የወንድሙ ተዝካር አለ። ባየው የገዛለትን አዲሱን ጫማ አድርጎ። ሳምንት ይቆያል። እሰይ።

ኅዳር 26

ቤቱ ጸጥ። ሆዴ እስኪሞላ በላሁ። "እዚያው ያስቀርልኝ" ብዬ አሰብኩ። ይኸው ጻፍኩትም። ማን ያየዋል?

ታኅሣሥ 1

መጣ። በሩ ላይ ሆኖ ሸተተኝ። ካልሲው ቆዳው ላይ ተጣብቋል። በውሃ አርሼ ሳወጣው ቆዳው አብሮ መጣ። ግራው ተልጧል። ቀኙ ግን... ጣቶቹ ጠቁረዋል። እኔ ስጮህ እሱ ያየኛል። "ምን ያስጮኽሻል? አያመኝም እኮ። ጫማው ነው የላጠኝ፣ የአንኮበር ቁልቁለት።"

አያመኝም እኮ...

ታኅሣሥ 2

ሆስፒታል። ሲስተር ሰሊሃ የምትባል ነርስ እግሩን በሹል ነገር ጠቅ ጠቅ አደረገችው። ዝም። ጉልበቱ ሥር እስክትደርስ ዝም። ውጭ ጠርታ ነገረችኝ። "ስኳሩ የእግሩን ስሜት ገድሎታል። እሳት ላይ ቢቆም አያውቅም። ከዓመት በላይ ሳይሆነው አይቀርም።"

ከዓመት በላይ። እንግዲያ ግትርነት አልነበረም። የሞቀውን ቀዝቃዛ፣ የሚያቃጥለውን ለብ ያለ ሲለኝ እውነቱን ነበር። ከማን ጋር ነበር ታዲያ ስጣላ የከረምኩት?

"ሙቅ ውሃ ነክቶታል? እሳት ዳር ተኝቷል?" አለችን ወደ ውስጥ ስንመለስ። እሱ ቀደመኝ፦ "ጫማ ነው ልጄ።" እኔም "ጫማ ነው" አልኩ። አፌ ራሱ አለው።

ክፍሉ ውስጥ እግራቸው የታሰረ ሰዎች ሞልተዋል። አንዱ ከእነዋሪ የመጣ ገበሬ ነው፣ ጎኑ የተኛው የአልዩ አምባ ነጋዴ። የሀብታም በሽታ አይደለም እንዴ? "እዚህ ብቻ መሰለሽ" አለች ሲስተር፣ "ዓለም በሙሉ እንዲሁ ነው። ሁሉም ጫማ ነው ይለናል።" ቀና ብላ አየችኝ። ወይስ መሰለኝ?

ታኅሣሥ 8

ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

ታኅሣሥ 9

ባየው ጫማውን ግቢ አውጥቶ በመጥረቢያ ከተፈው። እያለቀሰ። "እኔ ነኝ። ሻጩ ይጠብበዋል ሲለኝ ይሰፋል ብዬ... እኔ ነኝ አባቴን..." ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ከዚያስ? ይመታኛል? ይፈታኛል? ወይስ አብሮኝ እየኖረ አያየኝም?

"ና እህል ቅመስ" አልኩት።

ታኅሣሥ 29

ገና። እሱም ቤት ገባ። ጠያቂው እንደ ጉድ ጎረፈ። ለገባው ሁሉ አንድ ንግግር፦ "የገዛ ልጄ ጫማ እግሬን በላው።" ባየው አንገቱን ደፍቶ ጠላ ይቀዳል። አንዴም ቀና አላለም። እኔን ግን "እሷማ ምን በወጣት" ይላል። ዳቦ እየቆረስኩ ሰማሁት።

ጥር 4

ከተመለሰ ወዲህ ዛሬ ገና የእግር ውሃ ጠየቀኝ። ለአንድ እግር። ሲስተር ሰሊሃ እንዳስተማረችኝ በክርኔ ለካሁት። ለብ ያለ። ከተተ።

"ቀዝቃዛ ነው!" ያችው ድምፅ።

ሳፋውን አነሳሁ። ማድ ቤት ወስጄ መሬት አስቀመጥኩት። ምንም ሳልጨምር ትንሽ ቆምኩ። መለስኩለት። "የፈላ ነው አባባ፣ ቀስ ይበሉ።"

ቀስ ብሎ ከተተ። ዐይኑን ጨፈነ። "እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ። ሞቀኝ።" እጁን ራሴ ላይ ጫነ። "ሸዋወርቅ፣ ከወለድኩት አንቺ ትሻይኛለሽ። እጅሽ ይባረክ።"

ባየው እዚያው ተቀምጦ ነበር። ሰማ። ተነስቶ ወጣ።

ያው ውሃ ነበር። ኅዳር ላይም ያው ውሃ ይበቃው ነበር።